ውሃውን የጠራሁ ዕለት

ውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ከተማ አብራሽ ያለችው ሮዛሊ እንደሆነች አውቃለሁ። ሮዛሊ፣ እባክሽ እየዘለልሽ አታንብቢ። ባለፈው ስለ ውሻችን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ፣ «ሁሉም ደህና ነው ትልሻለች» ብለሽ ደመደምሽው አሉ። ይሄኛው ረጅም ነው። ግድ የለም፣ እሷ የኩላሊት እጥበቱ ላይ አምስት ሰዓት ስለምትቀመጥ የትም አትሄድም። የሚያስለቅስ ቦታ ላይ ከደረስሽ አልቅሺና ቀጥይ።

እናቴ፣ የምጽፍልሽ ስለ ተማሪዎቹ ጉዞ ነው። እንደተመለስኩ ደውለሽ «እንዴት ነበር?» ስትዪኝ፣ «ጥሩ ነበር» ብዬ ወሬ የቀየርኩት መናገር ፈርቼ ነው። የወለደችኝ እህትሽ በሕይወት ሳለችም ሁለታችሁንም እናቴ እያልኩ ነው ያደግሁት። እሷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ለእናት የሚናዘዙት ነገር በስልክ አይሆንም። አንቺ ታቋርጫለሽ፤ ወረቀት አያቋርጥም።

ልጆቹ አሥራ ሦስት ነበሩ። ሁሉም አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ናቸው፣ ከባሕር ዳርቻው ከተማ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው የመጡ። ስለ መሬታችን፣ ስለ ዛፉና ስለ አውሬው፣ ስለ ሕጋችንም አምስት ቀን ከኛ ጋር እያደሩ ሊማሩ። አንቺ ሃያ ዓመት እንዳደረግሽው፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው። የመሬት ጠባቂነት ልብሴን ተኩሼ ለብሼ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አቧራው ቀይ አደረገው። ኦወን የሚባል፣ ፀጉሩ ሽቅብ የቆመ ልጅ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ «እዚህ ኔትወርክ ያለው የት ነው?» አለኝ።

«አራት መቶ ኪሎ ሜትር ወደኋላ ትተኸው መጥተሃል» አልኩት።

ካንቺ የሰረቅኩት መልስ ነው። ልጆቹ ግን የኔ መስሏቸው ሳቁልኝ።

አስተማሪያቸው ጋቪን ይባላል። ሃምሳ ያለፈው፣ ልቡ ደግ፣ አፉ ግን የማያርፍ ሰው ነው። ለልጆቹ የአርጃኖ ዱካ ሳሳይ፣ ስለ አርጃኖ ያነበበውን ለኔ ይነግረኛል። እኔ ከዚያው አርጃኖ ሥጋ በልቼ ያደግሁ መሆኔን ረስቶት ነው። አጎቴ ሬጂ እንደ ሁልጊዜው ሽማግሌያችንም ምግብ አብሳያችንም ሆኖ መጥቷል። ዝምታ እንደሚወድ ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ዋለ።

ነገሩ የተበላሸው የመጀመሪያው ዕለት እራት ላይ ነው። የካንጋሮውን ጭራ ከረመጡ አውጥተን፣ ከልጆቹ ግማሹ እየተጸየፈ ግማሹ እየተሻማ ሲበላ፣ አጎቴ ሬጂ ጋቪንን አተኩሮ ሲያየው ቆየ።

«ስማ አስተማሪው፣ አንተ ስም የለህም» አለው።

«ጋቪን ነው ስሜ። ጠዋት ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«እሱማ እናትህ ያወጣችልህ ነው። እዚህ የማን ወገን ነህ? ወገን የሌለው ሰው የት ይቀመጣል? ማንንስ ይቆጣል?»

ከዚያም እጁን ትከሻው ላይ ጭኖ የወገን ስም ሰጠው። ጋቪን እንባ አቀረረ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ የሻይ ኩባያዬ ከእጄ ወደቀ።

«አጎቴ፣ ምን አደረግክ?»

«ምን አደረግኩ? ዘመድ ሰጠሁት።»

«እስቲ በኔ በኩል ቁጠረው።»

በጣቶቹ ቆጠረ። እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ቆጠረ።

«ውይ» አለ። «አማችሽ ሆነ።»

«እንግዲያው መልሰው።»

«ስም ሸሚዝ ነው እንዴ ሰፋ ተብሎ የሚመለሰው? በል አስተማሪው፣ ተነሥና ከእሳቱ ማዶ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀመጥ። አማትህ ናት። አታናግራትም፣ ዓይን ዓይኗንም አታያትም።»

ምስኪኑ ጋቪን የሠላሳ አራት ዓመት አማቱን አንድ ጊዜ አየና ሳህኑን ይዞ ሄደ። እኔም ፊቴን አዞርኩ። ምን ላድርግ? አጎቴ ሬጂ ቢሳሳትም ስሙ ስም ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔና የተማሪዎቹ ኃላፊ አንድ ቃል ሳንነጋገር አሥራ ሦስት ልጆች ይዘን በረሃ ልንዞር ሆነ።

መልእክት የምታመላልሰው ታሊያ ሆነች። ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ ጥቂት የሆነች ልጅ ናት፤ አያቷ ከቶንጋ ደሴት የመጡ ናቸው። በማግስቱ ጎማ ሲተነፍስብን ያደረገችውን ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር። እኔና ጋቪን በሁለት እርምጃ ርቀት ጀርባ ለጀርባ ቆመናል።

«ኖሪን፣ ጋቪን ጎማው ተንፍሷል ይላል።»

«አይቼዋለሁ በዪው።»

«አይታዋለች።»

«ክሪኩ የት እንደሆነ ጠይቂያት።»

«የተደገፈበት ሣጥን ውስጥ ነው በዪው።»

«የተደገፍክበት ሣጥን ውስጥ ነው። ደግሞ ሁለታችሁም እንደምትሰማሙ ታውቃላችሁ አይደል?»

ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ወገን ሥርዓት ባስተምራቸው የማይገባቸው ነገር በአንድ ጎማ ገባቸው። ከሰዓት በኋላ ኦወን ራሱ «የኔ እህት አማቷን እንዲህ የማታናግርበት ሕግ ቢኖር ኖሮ ቤታችን ሰላም ይሆን ነበር» ሲል ሰማሁት።

ሮዛሊ፣ ሳቃችሁን ስትጨርሱ ቀጥይ። አሁን ወደ ውሃው ልወስዳችሁ ነው።

ሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ደረስን። አንቺ ሁልጊዜ በምታስቆሚን ቦታ፣ ነጮቹ ባሕር ዛፎች ጋ መኪኖቹን አቆምኩ። ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነበር። ውሃው በዛፎቹ መካከል ሲያብለጨልጭ ይታያል። ከዛፎቹ ማንም እንዳያልፍ ነገርኳቸው። ውሃው እንግዳ አይወድም፤ ድምፁን የሚያውቀው ሰው ቀርቦ «እነዚህ የእኔ ናቸው» ካላለለት፣ እንግዳው ይታመማል። አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔም እንዳለፉት ሦስት ዓመታት የሳተላይት ስልኩን አውጥቼ አንቺ ጋ ደወልኩ።

እነዚያን ዓመታት ታስታውሻለሽ አይደል? ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ወደ ውሃው ዘርግቼ እቆማለሁ። አንቺ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀሽ፣ ክንድሽ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ከወንበርሽ ሆነሽ ውሃውን ትጠሪዋለሽ። ከኋላሽ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል። ውሃው ራሱ ያንን ድምፅ ሳይለምደው አይቀርም። አንቺ ስትጨርሺ ልጆቹን አስገባቸዋለሁ፤ ማንም አንድ ቀን አልታመመም።

ዘንድሮ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። እንደገና ደወልኩ። አምስት ጊዜ። አንድ ነገር ሆነሽ ይሆናል ብዬ ነርሷ ጋ ስደውል «ኧረ ደህና ናት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነው» አለችኝ። ስልኩን ስጪያት ሳልላት መስመሩ ተቋረጠ።

እናቴ፣ ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና የምናዘዘውን ልናዘዝ።

ከአራት ዓመት በፊት ከተማ የወሰድኩሽ ቀን፣ ማሽኑን ገና ስታዪው ያልሽኝን አልረሳሁም። «ይህን ጣጣ የምታገሠው ውሃውን የሚጠራ ሰው እስኪገኝ ነው። ሰው የተገኘ ቀን ቤቴ እገባለሁ» አልሽኝ። እኔ ሐኪሙን ውጭ ጠብቄ «ማሽኑን ትታ ቤቷ ብትገባ ስንት ጊዜ ትኖራለች?» አልኩት። «አሥር ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት» አለኝ። ከዚያ መለስ ብዬ ገብቼ እጅሽን ያዝኩ። አንቺም ያንኑ ቀን የጥሪውን ቃል ታስተምሪኝ ጀመር።

መጀመሪያውን መስመር ወዲያው ያዝኩ። ሁለተኛውንም ያዝኩ። ሦስተኛው ግን ድምፁን ከማን እንደተቀበልኩ የሚናገረው ነው፤ ያንቺን ስም የምጠራበት። እሱን ብዬ ከጨረስኩ ድምፁ ከአንቺ ወደ እኔ አለፈ ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ስለዚህ አልያዝ አለኝ አልኩሽ። ቃላቱን አምታታሁ። የመጀመሪያውን ከመጨረሻው አፋለስኩ፣ መሐሉን ዘለልኩ፣ «ምላሴ ከተማ ለምዷል» አልኩ። አንቺ ታግሠሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪልኛለሽ፤ እኔ እንደገና አጠፋለሁ። ሰው እንዲህ ያለ ደደብ ተማሪ አይቶ አያውቅም።

እናቴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር። መኪና ስነዳ እለዋለሁ። ልብስ ሳጥብ እለዋለሁ። አንድም ቃል አልስትም። እያወቅኩ እንዳላወቅኩ የሆንኩት አንቺን ከዚያ ወንበር ላይ አስሬ ለማቆየት ነው። ይህን ነው በስልክ መናገር ያቃተኝ።

ወደ ውሃው ልመለስ። እኔ ስድስተኛ ጊዜ ስደውል የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ኦወን ባልዲ ይዞ ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቆሟል። ተንኮል አልነበረውም፤ መኪናዋ ስለጋለች ሊያጠጣት ነው። «ውጣ!» ስለው ደንግጦ ባልዲውን ለቀቀው። ባልዲው ተንሳፎ ወደ መሐል ሄደ። እሱ ከዛፉ ሥር መጥቶ የረጠበ ጫማውን እያየ ቆመ። ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ልታመም ነው?» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲቀልድ የነበረው ልጅ ድምፁ ቀጠነ። «የተናገርሽውን ሰምቼ ነበር። ረስቼው ነው።»

አጎቴ ሬጂን አየሁት። እሱ መሬቱን ያያል።

«አጎቴ፣ አንተ ጥራልን።»

«እኔ በዚህ ውሃ እንግዳ ነኝ። ይሄ የእናትሽ ወገን ውሃ ነው። ቅድም ቢሆን ጭነናቸው እንመለስ ነበር፤ አሁን ልጁ ረጥቧል። ሳይነገርለት ወደ እናቱ አንመልሰውም።» ባርኔጣውን ቀና አደረገና ጨመረ። «የምታውቂ ከሆነ ጥሪ። የማታውቂ ከሆነም እስኪመሽ ደውዪ።»

አየሽው? የምታውቂ ከሆነ አለኝ። ሽማግሌ ምን ይደበቀዋል።

ታሊያ መጣች። «ጋቪን ይላል» ብላ ጀመረች፣ «ጋቪን ይላል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁን መጠበቅ ነበረብኝ። ይቅርታ በያት። ምን ላድርግ በያት ይላል።»

«ምንም አያደርግም በዪው።»

ወደ እሱ አልሄደችም። እዚያው ቆማ ቀረች። «ይሄ ደግሞ ከኔ ነው» አለች። «አያቴ ስትሞት ቋንቋዋን ይዛው ሄደች። ትንሽ ልጅ ሆኜ እንድማር ስትለምነኝ ነገ፣ ነገ እላት ነበር። አሁን የማውቀው ስድቧን ብቻ ነው። ስናፍቃት መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን እሰድባለሁ።»

ሳቅኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ልጅቷ የነገረችኝ ስለ አያቷ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ራሴን ነው፣ አንቺን በሕይወት ለማቆየት ብዬ ካንቺ የተቀበልኩትን ነገር ስቀብር።

ስልኩን አጎቴ ሬጂ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ወርጄ አሸዋ ዘገንኩ። አንቺ እንደምታደርጊው ብብቴ ሥር አሸሁት፣ ላቤን እንዲይዝ። ወረወርኩት። ከዚያ ውሃውንና በውስጡ ያሉትን ቀደምቶቻችንን ጮክ ብዬ ጠራሁ። መጀመሪያውን መስመር አልኩ፤ እኔ ነኝ፣ የእናንተው ነኝ። ሁለተኛውን አልኩ፤ እነዚህ ከሩቅ የመጡ ልጆች ናቸው፣ አንዱ ሳያውቅ ገብቷል፣ አትቆጡት። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። እናቴ፣ አልኩት። «ይህን ድምፅ የሰጠችኝ ኤድና ናት» አልኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም።

ምንም የታየ ነገር የለም። ባልዲው መሐል ላይ ተንሳፎ ቆሟል። አንዲት ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተዛወረች። ውሃው ዝም ካለ ተቀብሏል ማለት ነው ትዪ ነበር፤ ዝም አለ።

ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ ግንባራቸውን በውሃው አረጠብኩ፣ ከኦወን ጀምሬ። ሲጨርሱ ጋቪን ብቻውን ዛፉ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቀረ። የአማቼን ግንባር እኔ እንዴት አድርጌ ልንካ? ለታሊያ ነገርኳት፣ ታሊያ ለኦወን ነገረች፣ ኦወን ዋኝቶ ባልዲውን አመጣና ሞልቶ አናቱ ላይ ገለበጠበት። ጋቪን መነጽሩን እየጠረገ «እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለ። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ምንም አላወራም። አጎቴ ሬጂ ማምሻውን ዳቦውን ከረመጥ እያወጣ፣ «አየሽ፣ አማች ማድረጌ ለበጎ ነበር፤ ጆሯችን አረፈ» አለኝ። ተሳስቶ ይሁን አውቆ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

ስንለያይ ታሊያ አቀፈችኝ። «ጋቪን ይላል» አለችኝ በጆሮዬ፣ «ሚስት ሳላገባ አማት አገኘሁ፤ ከብዙ ባለትዳር እድለኛ ነኝ ይላል።» ጀርባዬን እንደሰጠሁ ደህና ግባ በዪው አልኳት።

አሁን የሮዛሊን ጉድ ላውጣ። ሮዛሊ፣ አትደንግጪ፤ የነገርሽኝን ልነግራት ነው። እናቴ፣ ያን ቀን ስልኩ ጭንሽ ላይ ነበር አሉ። ስሜን አስነበብሻት። እያየሽው ጠራ። ስድስቱንም ጊዜ። ሮዛሊ ልታነሣው ስትል እጇን መታ አደረግሽና ስልኩን እግርሽ ሥር ከተሽው። «ተዪያት፤ ታውቀዋለች» አልሽ አሉ።

ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽብኝ? ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነው እንዴ? እኔ አንቺን አሰርኩ ስል፣ አንቺ ነሽ ለኔ ብለሽ የተቀመጥሽልኝ? በሳምንት ሦስት ቀን፣ አምስት አምስት ሰዓት፣ የማላውቅ መስዬ እንድኖር? ይህን ሳስብ የምገባበት ጠፋኝ። ተናድጄብሽም ነበር፤ ልደብቅሽ አልችልም። መኪና ውስጥ ብቻዬን ሰድቤሻለሁ፣ እንደ ታሊያ።

የኦወን እናት ትናንት ለቢሮው ጽፋ ነበር። ልጁ ደህና ነው፤ አልታመመም።

በሚመጣው ወር፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ የእጥበት መኪናው ወደ መንደራችን ይመጣል። ሁለት ወንበር አለው፤ ሦስት ሳምንት ይቆማል። ነርሷ ለአንዱ ወንበር ስምሽን መዝገቡ ላይ በእርሳስ ጽፋልኛለች። በእስክሪብቶ የምታደምቀው አንቺ እሺ ስትዪ ነው። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ መኪናው ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። ያኔ ወደ ከተማ ትመለሻለሽ ወይስ ቤትሽ ትቀሪያለሽ፣ ያንን አንቺ ታውቂያለሽ። ብትመለሺልኝ ደስ ይለኛል። ይህን ካልተናገርኩ ሌላ ውሸት ነው። ብትቀሪም ግን አልከራከርሽም፤ አልጋሽን በረንዳው ላይ፣ ወንዙ በሚታይበት በኩል አዘጋጅቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትመጪ ከኔ ቀድመሽ ወደ ውሃው እንዳትወርጂ። ጠባይሽን ስለማውቅ ነው የምልሽ። አራት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ላብሽ አሁን የመድኃኒት ሽታ አለው፣ ውሃው ላያውቅሽ ይችላል። ነጮቹ ባሕር ዛፎች ጋ ቁሚና ጠብቂኝ። አሸዋውን እኔ እወረውርልሻለሁ። እኔ እጠራልሻለሁ። «ይቺ የእኔ ናት» እለዋለሁ። ከዚያ ትገቢያለሽ።

ሦስተኛውን መስመር ድሮም የማውቀው ልጅሽ፣
ኖሪን